ከማሩ የንቡ ድርሻ ስንት ነው?

(በመሠረተ ትምህርት የሬዲዮ ዝግጅት የተነገረ፤ ለአንባቢያን በጽሑፍ የቀረበ)

ዛሬ የምናወጋው ስለ ማር ቆረጣ ነው። «ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ» ይባል የለ? እኛም ከማሩ ጋር አብሮ የኖረውን ታሪክ እንናገራለን። ታሪክ ስንል የነገሥታትና የጦርነት ብቻ አይደለም። በጓሮ የተሰቀለ አንድ ቀፎም ታሪክ አለው።

እስቲ በሐሳብ ወደ ሮቢት እንሂድ። ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ቆቦ የሚጓዝ መንገደኛ ጎብዬን አልፎ ሮቢትን ያገኛል። በስተምዕራብ የላስታ ደጋ እንደ ግድግዳ ቆሟል። በስተምሥራቅ የዞብል ተራሮች ይታያሉ። በመካከል የራያ ቆቦ ሜዳ ተዘርግቷል። አገሩ ቆላ ነው፤ ሰብሉ ማሽላና ጤፍ ነው። ዝናቡ በበልግና በክረምት ይመጣል፤ ሲመጣም ይመጣል፣ ሲቀርም ይቀራል። ክረምቱ መልካም ከሆነ ግን መስከረም ሲጠባ ሜዳውና ተረተሩ በአበባ ይሸፈናል፤ ግራሩ፣ ቁርቁራው፣ እሬቱም በየወራቸው ያብባሉ። ንቦችም ሥራ ላይ ናቸው።

አሁን የጥቅምት ማታ ነው እንበል። ፀሐይ ጠልቃለች። አንድ አባት በጓሮው፣ ከቤቱ ክፈፍ ሥር ያንጠለጠለውን ቀፎ ሊቆርጥ ኩበት ያጨሳል። ልጁ ገበታ ይዞ ከኋላው ቆሟል። አባት የቀፎውን የኋላ ክዳን ከፍቶ አንዱን የማር እንጀራ ቆረጠ፤ ሁለተኛውን ቆረጠ፤ ሦስተኛውን ቆረጠ። ልጁም እንዲህ ሲል ጠየቀ፦

«አባዬ፣ ሁሉንም ከቆረጥነው ንቦቹ ምን ይበላሉ?»

ውድ አንባቢያን፣ የዛሬው ንግግራችን በሙሉ ይህቺን የልጅ ጥያቄ ለመመለስ ነው። ጥያቄዋ ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን ሰው ከንብ ጋር የኖረበትን ዘመን ሁሉ ትነካለች።

መጀመሪያ ማር ምን እንደሆነ እንወቅ። ንብ ማርን የምትሠራው ለእኛ ብላ አይደለም። አበባ በማይኖርበት በክፉው ወራት የምትበላውን ስንቅ ነው የምታስቀምጠው። ገበሬ ማሽላውን በጎተራ እንደሚያኖር ንብም ማሯን በሰም ጉድጓዶች ታኖራለች። ጣፋጩን የአበባ ውኃ አምጥታ፣ በክንፏ እያራገበች ታደርቀዋለች፤ ውኃው ከመቶ ሃያ እጅ በታች ሲሆን በሰም ትከድነዋለች። የተከደነ ማር የበሰለ ማር ነው፤ አይበላሽም። አንዲት ሠራተኛ ንብ በዕድሜዋ ሙሉ የምትሠራው ማር የሻይ ማንኪያ አሥራ ሁለተኛ እጅ ያህል ነው። ሥራ በሚበዛበት ወራት ዕድሜዋም ከስድስት ሳምንት ብዙም አይዘልቅም። ስለዚህ በአንድ ማንኪያ ማር ውስጥ የብዙ ንቦች ዕድሜ አለ ማለት ነው።

ሰው ይህን ጎተራ መክፈት የጀመረው ከጥንት ነው። በግብፅ አገር አቡ ጉራብ በሚባል ስፍራ፣ ኒዩሰሬ የተባለ ፈርዖን ባሠራው የፀሐይ ቤተ መቅደስ ውስጥ የማር ቆረጣ ሥዕል በድንጋይ ተቀርጾ ተገኝቷል። ሥዕሉ ወደ 4,400 ዓመት ገደማ ሆኖታል። በሥዕሉ ላይ አንድ ሰው በቀፎው ፊት ተንበርክኮ ይታያል፤ ሌሎቹ ማሩን ወደ እንስራ ይገለብጣሉ። ቀፎዎቹ ረዣዥምና ድብልብል ሆነው በጎናቸው የተጋደሙ ናቸው። ልብ በሉ! በወሎ ጓሮ ያለው፣ ከእንጨት ተጎንጉኖ በጭቃና በእበት የተመረገው ቀፎም ድብልብል ነው፤ እሱም በጎኑ ይጋደማል። የእጅ ጥበብ ረጅም ዕድሜ አለው።

በአገራችን ስለ ጓሮ ንብ ከተጻፉት ጥንታዊ ምስክሮች አንዱ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የተባለ የፖርቱጋል ቄስ ነው። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር በምፅዋ በኩል ገብቶ፣ እስከ 1518 ዓ.ም. ድረስ በኢትዮጵያ ቆይቷል። ያየውንም ጽፎ መጽሐፉ በሊዝበን ከተማ ታትሟል። ይህ ሰው ስለ ገበሬው ቤት ሲጽፍ፣ ቀፎዎች በመኖሪያው ቤት ውስጥ በግድግዳ በኩል እንደሚቀመጡ፣ ንቦቹም በግድግዳው ቀዳዳ ወደ ውጭ እንደሚወጡና በቤቱም ውስጥ እንደሚበሩ ይናገራል። ሰውና ንብ በአንድ ጣራ ሥር ይኖሩ ነበር ማለት ነው። ዛሬም በብዙ የገጠር ቤት፣ ቀፎ ከክፈፍ ሥር ወይም ከቤት ውስጥ ሲቀመጥ የምናየው የዚያ ልማድ ተከታይ ነው።

አልቫሬዝ በጉዞው አንጎትን አቋርጧል። አንጎት ማለት የዛሬውን ራያና አካባቢውን ይዞ የነበረ የጥንት ግዛት ነው። እዚያም የግዛቱ ገዥ እንግዶቹን ተቀብለው ጠጅ እንዳጠጧቸው ጽፏል። እንግዲህ እኛ እንጠይቅ፤ የዚያ ጠጅ ማር ከማን ጓሮ መጣ? ከገበሬው ጓሮ ነዋ! ይህን ጥያቄ ያዙልን፤ እንመለስበታለን።

ከሮቢት ወደ ምዕራብ፣ ተራራውን ወጥተን ላስታ ስንደርስ ደግሞ ሌላ ታሪክ እናገኛለን። ከ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ እስከ 13ኛው መጀመሪያ የነገሠው ንጉሥ ላሊበላ፣ በተወለደ ጊዜ የንብ መንጋ እንደከበበው ገድሉ ይናገራል። እናቱም ይህን አይታ «ንቦች ንጉሥነቱን ዐወቁ» ስትል ስሙን እንዳወጣች ይተረካል። ከዚያው ከላሊበላ ከተማ ሰሜን ባለችው በብልባላ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ንቦች በሕንፃው ውስጥ ይኖራሉ። ምእመናኑ ማሩን ለፈውስ ይፈልጉታል። በእነዚህ ቦታዎች ንብ እንደ ተራ ነፍሳት አትቆጠርም፤ እንደ ጎረቤት፣ እንደ ባለ አደራ ትታያለች።

ማር ሲነሣ ሰምም አብሮ ይነሣል። ማሩ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ሰፈፍ በፈላ ውኃ ሲቀልጥና ሲጣራ ሰም ይወጣዋል። ከሰሙ ጧፍ ይሠራል። ኤሌክትሪክ ባልነበረበት ዘመን፣ በጨለማው መቅደስ ውስጥ ካህኑ መጽሐፉን ገልጦ ሲያነብ ጧፍ ይበራለት ነበር፤ ዛሬም ይበራል። ስለዚህ በአገራችን ለብዙ መቶ ዓመታት ፊደል የተነበበው በንብ ብርሃን ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይደለም። ወርቅ አንጥረኛውም ጌጡን መጀመሪያ በሰም ይቀርጽ ነበር፤ በሸክላ ሸፍኖ ሰሙን አቅልጦ ሲያወጣ ወርቁን በቦታው ያፈሳል። «ሰምና ወርቅ» የምንለው የቅኔ ስም ከዚህ ሥራ የመጣ ነው። ሰም በ19ኛው መቶ ዓመትም ከዝሆን ጥርስ፣ ከዝባድና ከቡና ጋር ወደ ባሕር ማዶ የሚሸጥ ዕቃ ነበር።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሀብት ለንብ ባለቤቱ ምን አተረፈለት? አሁን ወደ አንጎቱ ጠጅ እንመለስ። በቀድሞው ሥርዓት ማር ከግብር ዓይነቶች አንዱ ነበር። ባላገሩ በእህል፣ በከብት፣ በጉልበት እንደሚገብረው ሁሉ በማርም ይገብር ነበር። ጉንዶ በሚባለው የማር መስፈሪያ እየተሰፈረ ወደ ገዥውና ወደ ቤተ መንግሥት ይሄድ ነበር። በግብር ቤት ጠጅ እንደ ውኃ ሲቀዳ፣ ማሩን የቆረጠው ሰው ለልጁ ጉሮሮ ማለስለሻ የሚሆን ይተርፈው እንደሆነ የሚጠይቅ ብዙ አልነበረም። በዐይነት ይከፈል የነበረው ግብር በገንዘብ እንዲሆን የተደነገገው ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ በ1934 እና በ1937 ዓ.ም. በወጡት የመሬት ግብር አዋጆች ነው። የባላባትና የጭሰኛ ሥርዓት በሕግ የቀረው ደግሞ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ገበሬው ጎተራው ተራቁቶ እንደሚያዝን ያውቃል። ከምርቱ ከፍሎ፣ ለዘርና ለክረምት ስንቅ ሳይቀረው ሲቀር ምን እንደሚያደርግም ያውቃል፤ አገሩን ለቆ ይሰደዳል። ንብስ? ንብም እንዲሁ ናት እኮ! ጎተራዋን ሙልጭ አድርጎ የወሰደባትን ቀፎ ለቅቃ ትሄዳለች። በቆላ የምትኖረው ንብ ደግሞ ለስደት ፈጣን ናት። የሆለታ የንብ ምርምር ባለሙያዎች በ1996 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት በኢትዮጵያ አምስት የንብ ዝርያዎችን ለይተዋል። በሞቃትና ደረቅ ቆላ የምትገኘው አነስ ያለች፣ ወደ ቢጫ የምትወስድ ንብ ነች። አበባና ውኃ ሲጠፋ አትጠብቅም፤ መንጋዋን ይዛ ትነሣለች።

የድሮው አቆራረጥ ይህን ስደት ያባብሰው ነበር። በብዙ ቦታ ቆራጩ በጨለማ፣ በችቦና በብዙ ጭስ ቀፎውን ከፍቶ፣ ማሩንም እጩንም ያለ ልዩነት ይቆርጣል። እጭ ማለት ገና ያልፈለፈለ የንብ ልጅ ነው። ከእንቁላል ተነሥታ ሠራተኛ ንብ ለመሆን 21 ቀን ይፈጅባታል። እጩ ሲቆረጥ የነገዋ ሠራተኛ ትጠፋለች፤ ማሩ ሲቆረጥ የዛሬዋ ትራባለች። ብዙዎቹም በእሳቱ ይቃጠላሉ፤ አንዳንዴም አውራዋ አብራ ትሞታለች። ከዚያ በኋላ «ንቤ ከዳኝ» ይባላል። ማን ማንን ከዳ?

ይህን ስንል አባቶቻችን አላዋቂዎች ነበሩ ማለታችን አይደለም። ቀፎውን በኮሶ ወይም በሌላ ሽታ ባለው እንጨት አጥኖ መንጋ መጥራትን፣ አውራዋን ለይቶ መያዝን፣ ንብ የምትወደውንና የምትጠላውን ማወቅን ያስተማሩን እነሱ ናቸው። ጠንቃቃው አናቢ ድሮም ቢሆን የተወሰነ ይተው ነበር። ነገር ግን ችግር የጸናበት ሰው ለንብ ይተው ዘንድ መጠየቅ ከባድ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰውን ረሃብ እናስታውስ፤ ከራያና ከሌላውም የወሎ አውራጃ የተነሣ ሕዝብ በዋናው የመኪና መንገድ ዳር ተኮልኩሎ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ከዚሁ ሜዳ ትንሽ ሰሜን ባለችው ኮረም የተሰበሰበውን ሕዝብ ዓለም በቴሌቪዥን ተመለከተ። በዚያ ዘመን ዝናብ ሲቀር አበባም ቀረ። ሰው ቤቱን ሲለቅ ንብም ቀፎዋን ለቀቀች። የሁለቱ ስደት ምክንያት አንድ ነበር፤ ጎተራው ባዶ መሆኑ።

አሁን ደግሞ ሰው ንብን ሳይጎዳ ማር መቁረጥን እንዴት እንደተማረ እንመልከት። በ1844 ዓ.ም.፣ ማለትም ዐፄ ቴዎድሮስ ከመንገሣቸው ሦስት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በአሜሪካ አገር ሎሬንዞ ላንግስትሮዝ የተባለ ቄስ ቀፎዎቹን ሲመለከት አንድ ነገር ልብ አለ። ንቦች ከጣት ውፍረት ያነሰች አንዲት ክፍተት፣ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሚሊሜትር የምትሆነውን፣ መተላለፊያ አድርገው ክፍት ይተዋታል። ከዚያ ከጠበበች በሙጫ ይደፍኗታል፤ ከሰፋች የማር እንጀራ ይሠሩባታል። ላንግስትሮዝ ይህን ልክ ጠብቆ የእንጨት ፍሬሞችን በሣጥን ውስጥ ሰቀለ። ፍሬሞቹም ሳይጣበቁ አንድ በአንድ የሚወጡና የሚገቡ ሆኑ። የማሩ ክፍል ከላይ፣ የእጩ ክፍል ከታች ሆነ። ማሩ በሚሽከረከር ማሽን ሲጣራ እንጀራው ሳይሰበር ለንቦቹ ይመለሳል። ዘመናዊ ቀፎ የምንለው ይህን ነው።

በአገራችን የንብ ምርምርና ማሳያ ጣቢያ በሆለታ የተቋቋመው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ልዩ ልዩ ዓይነት ባለ ፍሬም ቀፎዎች ወደ አገር ገቡ። ከዚያም በኬንያ የተሠራው፣ በላዩ ላይ የተደረደሩ አግዳሚ እንጨቶች ያሉት የሽግግር ቀፎ መጣ። እርሱ በአካባቢ እንጨትና ጭቃም ሊሠራ ይችላል። ምርታቸውን ብናነጻጽር፣ ባህላዊው ቀፎ በዓመት ከ5 እስከ 8 ኪሎ ግራም፣ ዘመናዊው ደግሞ በሚገባ ከተያዘ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ግራም ይሰጣል። ይህ ሁሉ ሆኖ ዛሬም ኢትዮጵያ ከአፍሪካ በማር ምርት ቀዳሚ ስትሆን፣ ከቀፎዎቿ አብዛኞቹ እንደ ጥንቱ ባህላዊ ናቸው። ዘመናዊ ቀፎ ዋጋ አለው፤ ማጣሪያ ማሽንና የተነጠፈ ሰም ይፈልጋል። «ታዲያ ሣጥኑን መግዛት ያልቻለ ምን ያድርግ?» ትሉ ይሆናል። መልሱ እነሆ፤ የላንግስትሮዝ ትልቁ ትምህርት ሣጥኑ ብቻ አይደለም። ማሩንና እጩን ለይቶ፣ የንቡን ቤት ሳያፈርሱ መቁረጥ ነው። ይህ ደግሞ በጓሯችን ባለው የጭቃ ቀፎም ይቻላል።

እንዴት? ጥቂት ነገር እንናገር።

አንደኛ፣ ጊዜ መምረጥ ነው። ዋናው ቆረጣ ከክረምት በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር ነው። የበልጉ ዝናብ ደህና ከሆነ በግንቦትና በሰኔ ሁለተኛ ቆረጣ ሊኖር ይችላል። በቆላ ቀን በሙቀት ንብ ቁጡ ናት፤ ስለዚህ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መጀመር ይሻላል። ልጆችና ከብቶች ከአካባቢው ይራቁ።

ሁለተኛ፣ ጭስ እንጂ እሳት አያስፈልግም። ደረቅ ኩበት በማጨሻ አድርጎ ጥቂት ጥቂት ማጨስ ይበቃል። ጭሱ ንቧን ሊያረጋጋት እንጂ ሊገድላት አይደለም። ፊትን በዐይነ ርግብ መሸፈን፣ እጅን በጓንት ወይም በወፍራም ጨርቅ መጠቅለል ይገባል።

ሦስተኛ፣ ቀፎውን ከኋላ መክፈት ነው። ንቦች እጫቸውን ከመግቢያው አቅራቢያ፣ ማራቸውን ከወደ ኋላ ያደርጋሉ። ከኋላ እየቆረጡ ሲሄዱ፣ በሰም የተከደነውን ማር ብቻ መውሰድ፤ እጭ ያለበት እንጀራ ሲታይ እጅን መሰብሰብ። እጩ ካለበት አጠገብ ያሉትን ሁለት ሦስት የማር እንጀራዎች ለንቦቹ መተው። ይህ ነው የንቡ ድርሻ!

አራተኛ፣ ከተቆረጠ በኋላ ክዳኑን መልሶ በጭቃ መምረግ፣ የፈሰሰውን ማር ማጽዳት ነው። የፈሰሰ ማር ጉንዳንና ሌላ ቀፎ ዘራፊ ንብ ይጠራል። ቀፎው በመቆሚያ ላይ ከሆነ በእግሮቹ ዙሪያ አመድ መነስነስ ጉንዳንን ያግዳል።

አምስተኛ፣ ማሩን በደረቅና ንጹሕ ዕቃ ከድኖ ማስቀመጥ ነው። ማር ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ውኃ የገባበት ማር ይቦካል። እጭና ሰፈፍ የተቀላቀለበትን ከወለላው ለይቶ ማኖር በገበያ ዋጋ ያስገኛል። ሰፈፉም አይጣል፤ ሰም ነውና።

ስድስተኛ፣ በበጋ ንቦቹን መርዳት ነው። በጥላ ሥር በሰፊ ሣህን ውኃ አድርጎ፣ እንዳይሰጥሙ ጠጠርና ጭራሮ መጨመር ነው። አበባ ጨርሶ ሲጠፋ የስኳር ብጥብጥ፣ ሽሮ ወይም በሶ መስጠት ይቻላል። «ለንብ በሶ?» ብላችሁ አትሳቁ። ጥቅምት ላይ ያተረፈችላችሁን ቁጠሩና ፍረዱ።

ውድ አድማጮች፣ ውድ አንባቢያን፣ ቆራጩ ቢጠነቀቅም ንቧን የሚጎዳ ሌላ ነገር በዘመናችን መጥቷል። እርሱም መርዝ ነው። በጤፍ ማሳ ላይ አረም ለማጥፋት የሚረጨው ቱ ፎር ዲ የተባለው ኬሚካል፣ ለተባይ የሚረጨውም ሌላው፣ ንብ የምትቀስመውን አበባ ወይ ያጠፋዋል ወይ ይመርዘዋል። በመስከረምና በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ መንጋ ራያ ቆቦን ወርሮ ማሽላውንና ጤፉን እንደበላው የምታስታውሱ ብዙ ናችሁ። አንበጣውን ለመከላከል በአውሮፕላንና በሰው ጀርባ ኬሚካል ተረጨ። አንበጣን መከላከል ግድ ነበር፤ የሰው እንጀራ ነውና። ግን ለዚያ ሥራ ከዋሉት ውስጥ እንደ ማላታዮንና ክሎርፒሪፎስ ያሉት ለንብ እጅግ መርዛማ ናቸው። ወራቱም የአበባና የማር ወራት ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ ጦርነቱ ወደ ቆቦና አካባቢው ደረሰ። ሰው ልጁን ሊያዝል፣ በሬውን ሊነዳ ይችላል፤ ቀፎ ግን በሽሽት አይሸከሙትም።

አንበጣንም ጦርነትንም አንድ ገበሬ ብቻውን አያቆመውም። በእጃችን ያለውን ግን እናድርግ። የመርዝ ዕቃ ላይ ጽሑፍ አለ። ጽሑፉ መርዙ ምን እንደሆነ፣ ስንት ውኃ እንደሚበጠበጥበት፣ ምን ዓይነት ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ ይናገራል። ማንበብ የማይችል ሰው ዕቃውን በቀለሙ ብቻ ይለየዋል፤ በቀለም ደግሞ መርዝና መድኃኒት ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር በችቦና በፋኖስ ብርሃን «ሀ ሁ» ያሉ ጎልማሶች ዛሬ አያቶች ሆነዋል። ያን ጊዜ «ፊደል ምን ያደርግልኛል?» ያለ ሰው ነበር። እነሆ መልሱ፤ ፊደል ከማሳህ መርዝ፣ ከጓሮህ ማር ይጠብቅልሃል። ፊደልሽ በገበያም ሚዛንሽን ይጠብቅልሻል፤ ኪሎውን አንብባ የምትሸጥ ሴት በቀላሉ አትታለልም።

ስለዚህ ኬሚካል የሚረጭ ሰው ከመርጨቱ በፊት ጽሑፉን ያንብብ፤ ካልቻለ የሚያነብለት ይፈልግ። አበባ ባለበት ማሳ አይርጭ። የግድ ከሆነ ንቦች ቀፎ በገቡበት፣ በማታ ይርጭ። ከሁሉ አስቀድሞ ንብ ላለው ጎረቤቱ ይንገር። ጎረቤቱም ቀፎውን ለጊዜው ይከድናል ወይም ያርቃል። በአገራችን ስለ ንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ የወጣ አዋጅ አለ፤ ቁጥሩ 660/2002 ነው። ይሁን እንጂ ሕጉ ከመድረሱ በፊት የጎረቤት ቃል ይደርሳል። «ነገ ማታ ልረጭ ነው፣ ቀፎህን ተመልከት» ማለት ስንት ያስከፍላል?

እንግዲህ ወደ ሮቢቱ ጓሮ እንመለስ። ልጁ ገበታውን ይዞ እንደቆመ ነው። አባት ሦስተኛውን እንጀራ ገበታው ላይ አኖረ። ወደ ቀፎው ውስጥ ጎንበስ ብሎ አየ። ገና ማር አለ፤ ከማሩ ቀጥሎ እጩ ይታያል። ቢላዋውን ጠረገና ክዳኑን መለሰ።

«የቀረው የእነሱ ነው» አለው።

የዚያን ማታ የተተወችው ማር በገበያ ብትሸጥ ጥቂት ብር ታወጣ ነበር። በቀፎው ከቀረች ግን መንጋውን የበጋውን ወራት ታሻግረዋለች፤ መንጋውም የሚመጣውን ጥቅምት ይጠብቃል። በታሪካችን ማሩን የወሰዱት ብዙዎች ናቸው፤ ገዥው ወስዷል፣ ነጋዴው ወስዷል፣ ቆራጩም ወስዷል። ማር እስከ ዛሬ ያልጠፋው ግን በየዘመኑ ለንቡ ጥቂት የተወ ሰው ስለነበረ ነው። ያንን ሰው መጻሕፍት በስሙ አልመዘገቡትም። ሥራው ግን በየጓሮው ይሰማል፤ ጆሮ ሰጥቶ ላዳመጠ «እምም» ይላል።

በሉ እንግዲህ፣ ለዛሬ በዚህ ይብቃን። ወረቀቱን ለጎረቤታችሁም አንብቡለት። እስከሚቀጥለው ዝግጅት በደህና ሰንብቱ!

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችሁ ማር የሚቆረጠው በየትኞቹ ወራት ነው? ለንቦቹ ምን ያህል ይተውላቸዋል?

2. ንብ ቀፎዋን ለቃ የምትሄድባቸውን ሦስት ምክንያቶች ከንግግሩ ፈልጋችሁ ጻፉ።

3. በቤታችሁ ወይም በጎረቤት ያለ የፀረ አረም ወይም የፀረ ተባይ ዕቃ ላይ የተጻፈውን፣ ዕቃውን ሳትነኩ አንብቡ። ስለ ጥንቃቄ ምን ይላል?

4. እነዚህን ቃላት አንብባችሁ በየአንዳንዳቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ሥሩ፦ ቀፎ፣ እጭ፣ ሰፈፍ፣ ወለላ፣ ጧፍ፣ ድርሻ።